ጦርነት ያልበጠሰው አደራ

የጦርነት ታሪካችን የሚጻፈው በአብዛኛው በጦር አዛዦችና በስምምነት ፈራሚዎች ስም ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. የተፋፋመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ስምምነት ተቋጨ ይባላል። በአዲስ አበባና በአስመራ መካከል የተቋረጠው የቀጥታ ስልክ ግን እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. አልተከፈተም። በነዚያ ሃያ ዓመታት ሰው ከሰው ጋር እንዴት ተገናኘ? የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ይህን አይጠይቁም።

ሂዩማን ራይትስ ዎች በ1995 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ከኢትዮጵያ የተባረሩትን የኤርትራ ተወላጆች 75,000 ያህል አድርጎ ገምቷል። ከኤርትራም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ተፈናቅለዋል። ከአዲስ አበባ ከተባረሩት ብዙዎቹ ቤታቸውንና ሱቃቸውን ለወዳጅ ወይም ለጎረቤት በውክልና ትተው ሄዱ።

ውክልና ደግሞ መልእክት ይፈልጋል። የቀይ መስቀል መልእክት ሳይታሸግ የሚሄድና ለቤተሰብ ወሬ ብቻ የተፈቀደ በመሆኑ፣ የኪራይና የግብር ጉዳይ አይጻፍበትም። ስለዚህ ደብዳቤው በሮም፣ በጂዳ ወይም በዋሽንግተን ዞሮ ይደርስ ነበር። እዚያ ያለ ዘመድ ፖስታውን ቀይሮ ይልከዋል፤ ወይም ሁለት ስልክ ጎን ለጎን ይዞ የአንዱን ቃል ለሌላው ያቀብላል።

አባቴ ከነዚህ አደራ ተቀባዮች አንዱ ነበሩ። የጎረቤታችንን የቤት ኪራይ እየሰበሰቡ፣ ወጪና ገቢውን በአንድ የተማሪ ደብተር ይመዘግቡ ነበር። ከጠላት ጋር ይጻጻፋል መባል በሚያስፈራበት ዘመን፣ ደብተሩ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሥር ይቀመጥ ነበር። እኔም በወጣትነቴ ይህን እንደ ሞኝነት ቆጥሬው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የጎረቤታችን ልጅ ከአስመራ መጥታ ደብተሩን ስትረከብ፣ ከገንዘቡ ይልቅ የአባቷ ስም በየገጹ አናት መጻፉ አስለቀሳት።

አደራውን ሁሉም ጠበቀ ማለቴ አይደለም። በውክልናው የጎረቤቱን ቤት የራሱ ያደረገም ሞልቷል። ዛሬ በሁለቱ አገሮች መካከል የጦርነት ወሬ እንደገና ሲነሣ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም የአስመራ በረራውን በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ማቋረጡን ሳስብ፣ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው፤ መንግሥታት መስመሩን መልሰው ቢቆርጡት፣ ደብተር የሚይዝ ጎረቤት ቀርቶልናልን?