የቆቃ ግድብና የአዋሽ ሸለቆ ግጦሽ



ስለ ሩቅ አገር የምናገር አይምሰላችሁ። በዚህ በንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ገብቶ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በመካከሉ የቆመው የቆቃ ግድብ የዛሬ ርዕሴ ነው።

ግድቡ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። ዓላማው 43 ሜጋ ዋት ገደማ ኃይል ማመንጨት ነበር። ሸለቆውን ይበልጥ የለወጠው ግን የወንዙ ፀባይ መለወጡ ነው። በክረምት ሞልቶ በበጋ ይመነምን የነበረው አዋሽ፣ በሐይቁ ተጠራቅሞ ዓመቱን ሙሉ እየተመጠነ ይለቀቅ ጀመር። በበጋ የማይጎድል ውኃ ሲገኝ ሰፋፊ የመስኖ እርሻ ተቻለ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በመተሐራ ሸንኮራ አገዳ፣ በአሚባራና በተንዳሆ ጥጥ ተስፋፋ።

የእርሻው ዕቅድ መሬቱን እንደ ጠፍ ቆጠረው። ነገር ግን የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች በዝናብ ወራት ከብታቸውን በሜዳው አሰማርተው፣ በበጋ ወደ ወንዙ ዳር ይመለሱ ነበር፤ ጎርፉ ሲሸሽ የሚበቅለው ሣር ከብቱን እስከ ዝናብ ያደርስ ነበርና። ይህ ዳርቻ ከጠቅላላው ግጦሽ ጋር ሲነጻጸር ጠባብ ነው። ሆኖም ምሰሶው የተነቀለ ቤት ስፋቱ ምን ይረባዋል? መስኖው የያዘው ይህንኑ ምሰሶ ነው።

ውጤቱ በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ድርቅ ታየ። ዝናብ መጥፋቱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ አዲሱ ነገር መሸሻው መጥበቡ ነው። ስለዚህ ያን ረሀብ የሰማይ ሥራ ብቻ አድርጎ መጻፍ የታሪክ ጉድለት ይመስለኛል። በ1967 ዓ.ም. ሰፋፊዎቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት ሲዛወሩ ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ የግጦሹ ጥያቄ አልተዘጋም።

ግድቡ ባይሠራ ይሻል ነበር አልልም፤ መብራቱም ስኳሩም ለአገር ጠቅመዋል። የምለው ሒሳቡ ጎደሎ ነበር ነው፤ ኪሎዋቱና ኩንታሉ ሲመዘገብ የበጋው ሣር አልተመዘገበም። አዲስ ግድብ በታቀደ ቁጥር ማኅደሩን የምትመረምሩ ተማሪዎቼ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ በዚህ ወንዝ ዳር በበጋ ማን ይሰፍር ነበር?