ልጅ አፉን የሚፈታው መልስ ሲያገኝ ነው፦ ከልደት እስከ 3 ዓመት የልጆችን ንግግር ማገዝ

 

አማርኛችን ልጅ መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» ይላል፤ ቋንቋውንም «አፍ የፈታበት ቋንቋ» ይለዋል። አባባሉ ያምራል፤ ነገር ግን አፍ ቀኑ ሲደርስ በራሱ የሚፈታ ቋጠሮ ያስመስላል። በጅጋም ሆነ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ ልጅ ሲዘገይ የሚሰማው ንግግር ተመሳሳይ ነው፦ «ወንድ ልጅ ይዘገያል»፣ «አባቱም እንዲሁ ነበር»፣ «ጊዜው ሲደርስ ይፈታል»። ብዙ ጊዜ ልጁ እውነትም ይናገራል። ጆሮው በደንብ የማይሰማ ወይም ሌላ እገዛ የሚያስፈልገው ልጅ ግን፣ ቤተሰቡ በእነዚህ ቃላት ሲጽናና እርሱ ዋነኞቹን የመጀመሪያ ዓመታት ያጣል።

በዚህ ጽሑፍ የልጅ ንግግር እንዴት እንደሚያድግ፣ ቤተሰብ ያለ ምንም ወጪ ምን ማድረግ እንደሚችል፣ መቼ መጠራጠርና ወዴት መሄድ እንደሚገባ እናያለን። ዋናው ቁም ነገር አንድ ነው፦ ልጅ ቋንቋ የሚማረው ወሬ ስለሰማ ብቻ ሳይሆን እርሱ ላወጣው ድምፅ መልስ ስላገኘ ነው።

ንግግር የአላህ ጸጋ ነው

በሱረቱ አር-ረሕማን መጀመሪያ (55፡1-4) አላህ ሰውን እንደፈጠረና መግለጽን እንዳስተማረው ተወስቷል። በሱረቱ አን-ነሕል (16፡78) ደግሞ ከእናቶቻችን ሆድ ምንም የማናውቅ ሆነን እንደወጣን፣ ከዚያም መስሚያን፣ ማያዎችንና ልቦችን እንደሰጠን እናነባለን። በዚህ አንቀጽ መስሚያ ቀድሞ መጠቀሱን ልብ እንበል። ንግግርም የሚጀምረው ከጆሮ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕፃናትን ያነጋግሩ ነበር። የአነስ ኢብኑ ማሊክ ትንሽ ወንድም አቡ ዑመይር ገና ጡት የተወ ልጅ ሳለ የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ነቢዩ ወደ ቤታቸው ሲመጡ በኩንያው እየጠሩ ስለ ወፉ ይጠይቁት እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ልጁን በክብር መጥራት፣ እርሱን በሚያስደስተው ጉዳይ ላይ ማውራትና መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ ማቅረብ።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ለሐበሾች ቅርብ ነው። ኡሙ ኻሊድ የተወለደችው ወላጆቿ ተሰደው በነበሩበት በሐበሻ ምድር ነው። ወደ መዲና ከመጡ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያጌጠ ጥቁር ልብስ በእጃቸው አለበሷትና ማማሩን «ሰና» በሚል የሐበሻ ቃል እንደነገሯት ቡኻሪ ዘግበዋል። ቃሉ ከግእዙ «ሠናይ» ጋር ይቀራረባል። ትንሿን ልጅ ያነጋገሯት ባደገችበት አገር ቃል ነው።

ልጅ የሚማረው ከሚመልስለት ሰው ነው

ጽንስ ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ድምፅ መስማት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ ጥናት እንዳሳየው አዲስ የተወለዱ ሕፃናት የእናታቸውን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ለይተው ያውቃሉ። ስለዚህ ከልጅ ጋር ማውራት የሚጀመረው «ሲገባው» ተብሎ ሳይሆን ከተወለደበት ቀን አንስቶ ነው።

መስማት ብቻውን ግን አይበቃም። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት የሚያድጉ 9 ወር ገደማ የሆናቸው ሕፃናት ለ12 ጊዜ ያህል ቻይንኛ እንዲሰሙ ተደረገ። አብራቸው ተቀምጣ የምታጫውታቸው ሰው ያገኙት የቻይንኛን ድምፆች መለየት ቻሉ። ያንኑ ንግግር በቪዲዮ ያዩት ወይም በቴፕ የሰሙት ግን ምንም አልተማሩም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ4 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናትም፣ ከልጁ የቋንቋ ችሎታና ከአእምሮው ሥራ ጋር ይበልጥ የተያያዘው የሰማው የቃላት ብዛት ሳይሆን ከአዋቂ ጋር ያደረገው ምልልስ መሆኑን አሳይቷል። ይህም በቤተሰቡ ሀብት የሚወሰን አልነበረም።

ለድሃ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ብሥራት ነው። ምልልስ በገንዘብ አይገዛም።

በየዕድሜው ምን ይጠበቃል?

ልጆች ሁሉ በአንድ ቀን አይደርሱም። ቢሆንም አብዛኞቹ እነዚህን ያሳያሉ፦

- እስከ 2 ወር፦ በከፍተኛ ድምፅ ይደነግጣል፤ ሲያነጋግሩት ፈገግ ይላል፤ ከልቅሶ ሌላ ድምፅ ያወጣል።
- እስከ 6 ወር፦ ድምፅ ወደመጣበት ይዞራል፤ ይስቃል፤ ሲያወሩለት ዝም ብሎ ሰምቶ በተራው ድምፅ ያሰማል።
- እስከ 9 ወር፦ ስሙ ሲጠራ ይዞራል፤ «ማማማ»፣ «ባባባ» እያለ ይለፈልፋል።
- እስከ 12 ወር፦ እጁን አውለብልቦ ይሰናበታል፤ ሲከለክሉት ይገባዋል፤ እናቱን ወይም አባቱን በሆነ ቃል ይጠራል።
- እስከ 18 ወር፦ የፈለገውን በጣቱ ያሳያል፤ ከ«እማ» እና «አባ» ሌላ ቢያንስ 3 ቃላት ለመናገር ይሞክራል፤ በእጅ ሳያሳዩት «አምጣው» ቢሉት ይረዳል።
- እስከ 2 ዓመት፦ እንደ «እማ ነይ» ያሉ ሁለት ቃላትን ያገናኛል።
- እስከ 3 ዓመት፦ ይጠይቃል፣ ይመልሳል፤ የቤቱ ሰው ያልሆነም አብዛኛውን ንግግሩን ይረዳዋል።

በዚህ ዕድሜ መኮላተፍ የተለመደ ነው። «ር»ን «ል» ማለት፣ «አንተ»ን ከ«አንቺ» ማደባለቅ አያስደነግጥም።

በቤታችን ምን እናድርግ?

*ድምፁን መመለስ።* ሕፃኑ «አጉ» ሲል «አጉ» በሉት፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁት። ሕፃን ተራው መሆኑን አውቆ ለመመለስ ጊዜ ይወስድበታል። በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ዝም በማለት ሳይሆን ልጁ ሳይመልስ ቀጣዩን በመናገር ነው።

*ሥራን ማውራት።* ከዕለቱ ሥራ የተለየ ጊዜ አያስፈልግም። እናት ልጇን አዝላ ቡና ስትቆላ «ቡናው ጨሰ፣ ሸተተህ?» ትበለው። በርበሬ ስትቀነጥስ «ይቺ ቀይ ናት፣ ይቺኛዋ ትልቅ» ትበለው። ከጀርባ ያለ ልጅ ግን ፊትና ከንፈር አያይም፤ ስለዚህ በየመሃሉ አውርዶ ፊት ለፊት ማውራት ያስፈልጋል። አባት ከገበያ ሲመለስ ያመጣውን ዕቃ እያሳየ ስሙን ይጥራ፤ «ይሄ ምንድን ነው?» ይበል። ወሬ የእናት ሥራ ብቻ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የልጅ ልጃቸውን ኡማማን ተሸክመው ሲሰግዱ መታየታቸው ለአባቶች በቂ ትምህርት ነው።

*ቃሉን ማስረዘም።* ልጁ «ውሃ» ካለ «ውሃ ጠማህ? ቀዝቃዛ ውሃ ልስጥህ» በሉት። አጥፍቶ ሲናገር «እንዲህ በል» ብሎ መጨቅጨቅ ወይም በእንግዳ ፊት እያስደገሙ መሳቅ ልጁን ያሳፍረዋል። ትክክለኛውን ቃል በመልሳችሁ ውስጥ አስገብታችሁ መናገር ይበቃል።

*ጨዋታና ተረት።* ኩኩሉና እንቆቅልሽ የተራ ጨዋታዎች ናቸው። አንዱ «እንቆቅልሽ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል። አያቶቻችን ሳይጽፉ ያቆዩልን የምልልስ ትምህርት ነውና አያቶችን ከልጆች ጋር እናስቀምጣቸው።

ስልክና ቴሌቪዥን

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን ፈጽሞ አይመከርም፤ ለ1 ዓመት ልጅም እንዲሁ። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ ነው። ልጅ ሲያለቅስ ስልክ መስጠት ዝም ያሰኘዋል፤ ግን ስልኩ «ምን ሆነህ?» ብሎ አይጠይቀውም።

አንዳንድ ወላጅ «የምከፍትለት ቁርኣን ነው» ይላል። ቁርኣን በቤት ውስጥ መሰማቱ በረካ ነው፤ ጆሮውም ይለምደዋል። ነገር ግን ድምፅ ማጫወቻ የእናትንና የአባትን ወሬ አይተካም። የተሻለው ወላጅ ራሱ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አጭር ሱራ መቅራትና ከዚያ ማጫወት ነው።

መድረሳና ሁለት ቋንቋ

ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር ችግር አያመጣም። በቤት አማርኛ፣ በመድረሳ ዐረብኛ የሚሰማ ልጅ ሁለቱንም ይይዛል። ስህተቱ አፍ የሚፈታበትን ቋንቋ ትቶ ወላጅ ራሱ በማይችለው ቋንቋ ማውራት ነው። ወላጅ በሚቀናው ቋንቋ የሚያወራው ወሬ ሰፊና ሞቅ ያለ ነው።

ለኡስታዞችና ለወላጆች አንድ ማሳሰቢያ አለ። የ3 ዓመት ልጅ ሱረቱል ፋቲሐን ስለቀራ ብቻ ንግግሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ማስታወስና መግባባት ይለያያሉ። ሱራ እየቀራ ውሃ መጠየቅ የማይችል፣ ሲጠሩት የማይዞር፣ የተባለውን ብቻ እየደገመ ለጥያቄ የማይመልስ ልጅ ካለ መመርመር አለበት። ኡስታዙም «ሰነፍ ነው» ከማለቱ በፊት ይህን ለወላጅ ቢነግር አማና ተወጣ።

መቼ እንጠራጠር?

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ መጠበቅ አይገባም፦

- ከኋላው በር ሲመታ ወይም ዕቃ ሲወድቅ የማይደነግጥ፤
- በ9 ወሩ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ወይም ዓይን የማያይ፤
- በ1 ዓመቱ የማይለፈልፍ፣ በእጁም ምንም ምልክት የማያሳይ፤
- በ18 ወሩ አንድም ቃል የሌለው፤
- በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል የማያገናኝ፤
- በማንኛውም ዕድሜ ይናገር የነበረውን የተወ።

ከጆሮው መግል የሚወጣ ልጅና ማጅራት ገትር ታሞ የዳነ ልጅ ደግሞ ቢናገሩም ጆሯቸው መታየት አለበት። በጆሮ ውስጥ ዘይት፣ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ መጨመር ጉዳቱን ያብሳል። እንጥል ማስቆረጥም ልጅን አያናግርም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያስከትላል።

ወዴት እንሂድ?

የመጀመሪያዋ በር የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። የክትባት ቀጠሮዎችም ምቹ ናቸው፦ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 እና በ15 ወር ልጁን ይዛችሁ ስትሄዱ «ይሰማል ወይ? ለዕድሜው ይናገራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኩፍኝ ራሱ ጆሮን ሊጎዳ ስለሚችል የ9 እና የ15 ወር ክትባቱ መስሚያንም ይጠብቃል። በአዮዲን የበለጸገ ጨው መጠቀምም፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር፣ ለልጁ አእምሮና ጆሮ ይጠቅማል።

ከጤና ጣቢያ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ ካስፈለገም በባሕር ዳር ወዳሉት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ሪፈር ማጻፍ ይቻላል። በጸጥታ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ጉዞው ይከብዳል። እስኪከፈት ግን በቤት የሚደረገው ምልልስ አይቋረጥ፤ ልጁ የሚያደርገውንና የማያደርገውን ከነወሩ ጽፎ መያዝም ሐኪሙን ይረዳዋል።

ልጁ አይሰማም ከተባለ ነገሩ አላበቃም። የምልክት ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ያስተምረዋል። ቤተሰቡ ቶሎ በጀመረ ቁጥር ልጁ ያለ ቋንቋ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። ችግሩ ኦቲዝም ከሆነም ብቻችሁን አይደላችሁም። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም ስላለበት እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፍተው እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ ልጆችን ከተደበቁበት ቤት አውጥተዋል። ልጅን ከእንግዳ መደበቅ ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ፣ ከምልልስ፣ ያርቀዋል።

ዱዓእና ሰበብ

ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ.) የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታላቸው አላህን ለመኑ፤ በዚያው ዱዓእ ወንድማቸው ሃሩን ረዳት እንዲሆንላቸውም ጠየቁ (ጣሃ 20፡25-32)። ዱዓእ ማድረግና ረዳት መፈለግ አይጋጩም። ልጁ ለዘገየበት ወላጅም እንዲሁ ነው፤ ሌሊት እየለመነ ጧት ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል።

አላህ የልጆቻችንን መስሚያ ይጠብቅልን፤ ምላሳቸውን በመልካም ንግግር ይፍታልን፤ እኛንም ከሚሰሟቸውና ከሚመልሱላቸው ወላጆች ያድርገን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።