እጅ ታጠቡ ያለው ሐኪም ለምን ተሸነፈ?

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1840ዎቹ በኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና፣ ምጥ የያዛቸው ድሆች ሴቶች ከምጡ እኩል የሚፈሩት ነገር ነበር፤ ሆስፒታል የሚደርሱበትን ቀን። የቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች ይማሩበታል፤ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠለጥኑበታል። ሁለቱ ክፍሎች ወላዶችን የሚቀበሉት በተራ ነው። ቀኑ የአንደኛው ክፍል ተራ ሆኖ የተገኘች ሴት ወደ ሁለተኛው እንዲወስዷት ተንበርክካ ትለምን ነበር። እዚያ ከመግባት መንገድ ላይ መውለድን የመረጡም ነበሩ።

ሴቶቹ አልተሳሳቱም። ከ1841 እስከ 1846 ባሉት ስድስት ዓመታት በአንደኛው ክፍል 20,042 ወሊዶች ተመዝግበው 1,989 እናቶች ሞተዋል፤ ከመቶ አሥር ገደማ ማለት ነው። በሁለተኛው ክፍል ከ17,791 ወሊዶች የሞቱት እናቶች 691 ናቸው፤ ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም። ሆስፒታሉ አንድ፣ ከተማው አንድ፣ በሽታውም አንድ ነው፤ የወሊድ ትኩሳት።

ይህን ልዩነት ያጠፋው ሐንጋሪያዊው ሐኪም ኢግናዝ ሴመልቫይስ ነው። ታሪኩ በየቦታው ይነገራል፤ የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ «እውነትን ይዞ በምቀኞች የተገፋ ጀግና» ተብሎ ነው። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ዛሬ በአንድ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል «የጥራት ማሻሻያ ፕሮጀክት ልጀምር» ለሚል ሰው ከመጀመሪያው ግማሽ የበለጠ ይጠቅማል።

*መጀመሪያ ቆጠረ*

ሴመልቫይስ በ1846 የአንደኛው ክፍል ረዳት ሐኪም ሆኖ ሥራ ሲጀምር የሚባለው ብዙ ነበር። አየሩ ተበክሏል የሚል አለ። ክፍሉ ተጨናንቋል የሚል አለ። ቄሱ ለሟቾች ጸሎት ሊያደርስ ደወል እያስደወለ ሲያልፍ እናቶቹ በድንጋጤ ይታመማሉ የሚልም ነበር። እሱ ግን እያንዳንዱን ግምት ከመዝገቡ ጋር አስተያየ። የበለጠ የተጨናነቀው ሁለተኛው ክፍል ሆኖ ተገኘ። ቄሱ በሌላ በር እንዲገባ፣ ደወሉም እንዲቀር ተደረገ፤ ሞቱ አልቀነሰም። እናቶቹ በጎናቸው ተኝተው እንዲወልዱ ተሞከረ፤ ይህም ለውጥ አላመጣም።

በመጋቢት 1847 ባልደረባው ያኮብ ኮሌችካ አስከሬን ሲመረመር የተማሪ ቢላ ጣቱን ወግቶት ታመመና ሞተ። ሴመልቫይስ የአስከሬን ምርመራውን ውጤት ሲያነብ ያየው በእናቶቹ ላይ የሚያየውን በሽታ ነው። ያኔ ነገሩ ተገለጠለት። የአንደኛው ክፍል ሐኪሞችና ተማሪዎች ጠዋት አስከሬን ሲከፍቱ ይቆዩና በዚያው እጃቸው ወላዶችን ይመረምራሉ። የሁለተኛው ክፍል አዋላጆች አስከሬን አይነኩም።

በግንቦት አጋማሽ ሁሉም ሰው ወደ ማዋለጃው ከመግባቱ በፊት ክሎሪን ባለበት ውሃ እጁን እንዲታጠብ አዘዘ፤ ዛሬ በየቤቱ ካለው በረኪና ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው። በሚያዝያ ከመቶ 18 የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2 ገደማ፣ በሐምሌ ወደ 1.2 ወረደ።

በጥቅምት ግን እንደገና 11 እናቶች አከታትለው ሞቱ። መዝገቡ ሲታይ በዚያው ክፍል በመጀመሪያው አልጋ የተኛች የማኅፀን ካንሰር ታማሚ ነበረች፤ ሐኪሞቹ እሷን መርምረው ወደ ቀጣዮቹ ወላዶች ያልፉ ነበር። ስለዚህ ትእዛዙ ተሻሻለ፤ ከእያንዳንዷ እናት በኋላ መታጠብ ግዴታ ሆነ። በ1848 የአንደኛው ክፍል ሞት ለዓመቱ ከመቶ 1.3 ያህል ሆኖ ከሁለተኛው ጋር ተስተካከለ።

ዛሬ የጥራት ማሻሻያ ባለሙያዎች «አቅድ፣ ሞክር፣ ውጤቱን እይ፣ አስተካክል» እያሉ የሚያሠለጥኑት ዑደት ይኸው ነው። እስከዚህ ድረስ ሴመልቫይስ እንከን አልነበረውም።

*ቁጥሩ ክስ ሲሆን*

ይህ ግኝት ለሰሚው ምን ማለት እንደነበር አስቡት። «መድኃኒት ተገኘ» ማለት ብቻ አልነበረም። «እስከ ዛሬ የገደልናቸው እኛ ነን» ማለትም ነው። በጀርመን ኪል ከተማ የነበረው ጉስታቭ ሚካኤሊስ የሴመልቫይስን ሐሳብ ቶሎ ከተቀበሉት አንዱ ነው። እሱ የመረመራት የገዛ ዘመዱ በወሊድ ትኩሳት ሞታ ነበር። ጸጸቱን መሸከም አቅቶት በ1848 ራሱን አጠፋ። ማስረጃውን ማመን ለአንድ ሐኪም ይህን ያህል ሊያስከፍል ይችል ነበር። ብዙዎቹ አለማመን ቢቀላቸው አያስገርምም።

ሴመልቫይስ ይህን ሸክም የሚያቀል ነገር አላደረገም። ሰዎችን የሚይዘው በቁጣ ነበር። ግኝቱን ለዓመታት በራሱ ስም አላሳተመም፤ ስለ እሱ የጻፉት ወዳጆቹ ናቸው። አለቃው ዮሐን ክላይን በ1849 ውሉን አላደሰለትም። በ1850 ለደጋፊዎቹ እንኳ ሳይሰናበት ቪየናን ጥሎ ወደ ፔሽት ሄደ። እዚያም ሥራው ውጤት አሳየ። ዋናውን መጽሐፉን ያወጣው ግን ግኝቱ ከ13 ዓመታት በላይ ካለፈው በኋላ ነው። ከዚያም የተቃወሙትን ታዋቂ ፕሮፌሰሮች በግልጽ ደብዳቤ ነፍሰ ገዳዮች ብሎ ጻፈባቸው። በነሐሴ 1865 በ47 ዓመቱ በቪየና የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሞተ። የገደለው ቁስሉ ያመረቀዘ ኢንፌክሽን ነው።

ከእሱ በኋላም በአሜሪካ ቦስተን የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ኧርነስት ኮድማን ተመሳሳይ መንገድ ሄደ። እያንዳንዱ ሕመምተኛ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ውጤቱ ተመዝግቦ ለሕዝብ ይገለጽ አለ። በራሱ ትንሽ ሆስፒታል ያከማቸውን የ337 ሕመምተኞች ውጤት አሳተመ፤ 123 ስሕተቶችንም አብሮ ዘረዘረ። ሐቀኝነቱ ዛሬም ያስደንቃል። ነገር ግን በ1915 በተሰበሰቡ ሐኪሞች ፊት የሙያ ባልደረቦቹን በካርቱን አሾፈባቸው፤ እነሱም ሸሹት። ሐሳቡ ሰፊ ተቀባይነት ለማግኘት አሥርት ዓመታት ወሰደበት።

*ነርሷ «ቁም» ስትል*

አሁን ወደ 2001 እንለፍ። በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሐኪሙ ፒተር ፕሮኖቮስት የያዘው ችግር ከሴመልቫይስ ችግር ሩቅ አይደለም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ወደ ትልቅ የደም ሥር የሚገባው ቀጭን ቱቦ ኢንፌክሽን እያመጣ ሰው ይገድላል። መከላከያው ይታወቃል። እጅ መታጠብ፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ሕመምተኛውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ጋውንና ጓንት ለብሶ መሥራት፣ ከተቻለ በብሽሽት በኩል አለማስገባት፣ ቱቦው ካላስፈለገ ቶሎ ማውጣት። አምስት ነገር ብቻ ነው።

ፕሮኖቮስት ማንንም አልከሰሰም። ነርሶቹ ለአንድ ወር ሥራውን ቆመው እንዲታዘቡ ጠየቀ። ከሦስት ሕመምተኞች በአንዱ ቢያንስ አንድ እርምጃ እንደሚዘለል ታየ። ቀጥሎ የተጠየቀው «ማን ዘለለ?» ሳይሆን «ለምን ይዘለላል?» ነው። አንዱ መልስ ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ዕቃው የተበታተነው በተለያዩ ቦታዎች ነው። ሁሉንም በአንድ ጋሪ ሰበሰቡት። ከዚያም ከባዱ እርምጃ መጣ። ሐኪሙ አንዱን ነገር ከዘለለ ነርሷ እንድታስቆመው ሥልጣን ተሰጣት፤ አስተዳደሩም ከጎኗ እንደሚቆም አስቀድሞ ቃል ገባ።

አሠራሩ በ2003 በሚሺጋን ግዛት ተስፋፋ። የሆስፒታል ኃላፊዎች ወደየክፍሉ እየወረዱ የጎደለውን ክሎርሄክሲዲን እንዲያሟሉ ተደረገ። በ2006 በታተመው ውጤት 103 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ተካተዋል። ቱቦው በሕመምተኞች ላይ በቆየባቸው በ1,000 ቀናት ውስጥ በመካከለኛ ልኬት 2.7 የነበረው ኢንፌክሽን በሦስት ወር ውስጥ ወደ ዜሮ ወርዷል።

ሴመልቫይስና ፕሮኖቮስት የያዙት እውነት አንድ ዓይነት ነው፤ እጅህን ታጠብ። የተለያዩት በአጀማመር ነው። በቪየና ቁጥሩ የአንድ ሰው መሣሪያ ሆኖ ሌሎቹን ከሰሰ። በሚሺጋን ቁጥሩ የየክፍሉ ሠራተኞች ሆነ። ራሳቸው ቆጠሩት፣ ራሳቸው አዩት፣ ራሳቸው አወረዱት።

*ወደ ሀገር ቤት*

የኢትዮጵያ የጤና ተቋማት ለዚህ ነገር እንግዳ አይደሉም። ቢፒአር፣ ቢኤስሲ፣ ካይዘን፤ የመንግሥት ሠራተኛው ስሞቹን በቃሉ ያውቃቸዋል። በ2016 ሀገራዊ የጤና አገልግሎት ጥራት ስትራቴጂ ወጥቷል። በሚሠራበት ቦታ ውጤቱ ይታያል። ከጅማ በተነሳው «ክሊን ከት» በተባለው ፕሮጀክት የአምስት ሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምና ቡድኖች እጅ አስተጣጠባቸውን፣ የጋውንና የመሣሪያ ንጽሕናቸውን፣ አንቲባዮቲክ የሚሰጡበትን ሰዓትና የጎዝ ቆጠራቸውን እየመዘገቡ ክፍተቱን ራሳቸው ደፈኑ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣው ኢንፌክሽን በሲሶ ያህል ቀነሰ።

ሌላ ምስክርም አለ፤ እሱ ግን ያሳዝናል። ከ2013 ጀምሮ በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች አሟሟት እየተመረመረ የሚመዘገብበት ሀገራዊ ሥርዓት ተዘርግቷል። መርሁም ስም አለመጥቀስና ጥፋተኛ አለመፈለግ ነው። ሆኖም የሚመዘገቡት ሞቶች ይደርሳሉ ተብሎ ከሚገመተው እጅግ ያንሳሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ፍርሃት ነው። ቁጥሩ ለግምገማ መድረክ ማሳፈሪያ፣ ለዕድገት መከልከያ፣ አልፎም ለክስ ይውላል ብሎ የሚፈራ ባለሙያ መዝገቡን ቢያሳሳው ማን ይፈርድበታል? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት ለሕመምተኛ ብቻ የተተረተ አይደለም፤ ለሆስፒታልም ይሠራል።

ይህ ማለት ተጠያቂነት ይቅር ማለት አይደለም። ሰክሮ ተረኛ የገባ፣ ጉቦ ካልተሰጠኝ አላክምም ያለ ሰው በሕግ ይጠየቅ። ነገር ግን የሳሙና እጥረት፣ የተቋረጠ ውሃ፣ አንዲት አዋላጅ ለአምስት ወላድ የቆመችበት ሌሊት በተግሣጽ አይስተካከሉም።

ስለዚህ ፕሮጀክት ለመጀመር ትልቅ አዳራሽ፣ ባነርና የውሎ አበል አያስፈልግም። አንድ ክፍል፣ አንድ ችግር፣ በየሳምንቱ የሚቆጠር አንድ ቁጥር ይበቃል። ቁጥሩን ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች ይቁጠሩት፤ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ቀድመው የሚያዩት እነሱ ይሁኑ። አለቃው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «ምን ጎደላችሁ?» ይሁን፤ የተባለውንም ያምጣ። ታናሹ ታላቁን «ዶክተር፣ እጅዎን አልታጠቡም» ሲል የሚጠብቀው ቁጣ ሳይሆን ምስጋና ይሁን። በታላቅ ፊት ዝም ማለት ጨዋነት በሆነበት አገር፣ ከአምስቱም ትእዛዝ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው።

የቪየና እናቶች ሞት የቀነሰው አንድ ሰው መዝገቡን ከፍቶ ሳይፈራ ስላነበበ ነው። ለውጡ ከእሱ አልፎ ያልዘለቀው ደግሞ ሌሎቹ ያንን መዝገብ የራሳቸው አድርገው እንዲያነቡት የሚያደርግ መንገድ ስላልተገኘ ነው። በየሆስፒታሉ መደርደሪያ ላይ ዛሬም መዝገብ አለ። ጥያቄው ሲገለጥ ማንን ለመክሰስ፣ ማንን ለማዳን ነው የሚለው ነው።