የጋራ ካታሎግ፦ ማን ይከፍላል? ማንስ ይወስናል?

አንድ መጽሐፍ ታትሞ ወደ ሃምሳ አብያተ መጻሕፍት ሲገባ፥ ሃምሳ ባለሙያዎች ያንኑ መጽሐፍ ገልጠው ደራሲውን፥ አርእስቱን፥ የታተመበትን ቦታና ዘመን፥ የገጹን ብዛትና የትምህርቱን ዘርፍ ይመዘግባሉ። ድካሙ ሃምሳ ጊዜ ይደጋገማል እንጂ አዲስ ዕውቀት አይጨምርም። የሙያው ሰዎች ይህን ድካም ለመቀነስ ብዙ ዘመን አስበውበታል። የአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ የታተሙ የካታሎግ ካርዶችን ለሌሎች አብያተ መጻሕፍት መሸጡ የዚሁ ጥረት አንዱ ክፍል ነበር። ኮምፒዩተር ከመጣ በኋላ ግን ጥያቄው መልኩን ለወጠ። የጋራ መሣሪያ መሥራት ይቻላል ወይ ከሚለው ይበልጥ፥ ለተሠራው መሣሪያ ማን ይከፍላል፥ ስለ እርሱስ ማን ይወስናል የሚለው የከበደ ሆነ። ለዚህም በኦሃዮ ግዛት ተጀምሮ ወደ ሌላው ዓለም የተስፋፋው ድርጅት ታሪክ ብዙ የሚያስተምር ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት በኦሃዮ የነበሩ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪያቸው ቁጥርና የመጽሐፍ ግዢያቸው ባንድነት ሲያድግ የካታሎግ ሥራው እየከበደ ሄደባቸው። የኮሌጆቹም ማኅበር ራልፍ ፓርከርና ፍሬደሪክ ኪልጎር የተባሉ ሁለት የሙያው ዐዋቂዎች ጉዳዩን እንዲያጠኑለት ጠየቀ። የሁለቱም ምክር ሌላ የካርድ ክምችት ከማቋቋም ይልቅ፥ ሁሉም በስልክ መስመር የሚገናኙበት አንድ የኮምፒዩተር ካታሎግ ይሠራ የሚል ነበር። በዚህ መሠረት እ.ኤ.አ. በጁላይ 1967 የኦሃዮ ኮሌጆች የቤተ መጻሕፍት ማእከል 54 የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞችን ይዞ፥ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ ተመሠረተ። በየል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት ኪልጎርም የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ።

ኪልጎር ለማእከሉ የሰጡት ዓላማ ሁለት ነበር፤ አንደኛው በግዛቱ ያለው መጽሐፍ ሁሉ ለእያንዳንዱ አንባቢ እንዲዳረስ፥ ሁለተኛው ለአንድ ተማሪ የሚወጣው የቤተ መጻሕፍት ወጪ የሚጨምርበት ፍጥነት እንዲቀንስ ማድረግ ነው። ይህ አነጋገር ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። ወጪው ይቀንሳል አልተባለም፤ የሚያድግበት ፍጥነት ይቀንሳል ተባለ እንጂ። ገንዘብ ለሚመድቡ ሹማምንት ከልክ ያለፈ ተስፋ የሰጠ የጋራ ሥራ በሁለተኛው ዓመት የሚጠብቀው ወቀሳ ስለሆነ፥ ይህ ልከኛ ቃል ለማእከሉ ዕድሜ ረድቶታል ማለት ይቻላል።

ሥራው በይፋ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ኦገስት 26 ቀን 1971 በአቴንስ ከተማ፥ በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የኦልደን ቤተ መጻሕፍት ነው። በዚያ ቀን 133 መጻሕፍት ተመዘገቡ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ባለሙያው በተርሚናል አማካይነት በኮለምበስ ከተማ ያለውን ኮምፒዩተር ይጠይቃል። የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት በሄንሪየት አቭራም መሪነት ባዘጋጀው፥ ማርክ በሚባለው የአመዘጋገብ ቅርጽ ተሠርቶ በማግኔት ክር የሚደርሰው መግለጫ በዚያ ካለ፥ ባለሙያው ለራሱ ቤተ መጻሕፍት እንዲስማማ አስተካክሎ ካርድ ያዛል። ከሌለ ግን ራሱ ይመዘግባል፤ ከዚያ ወዲያ ያን መጽሐፍ የሚፈልግ ሁሉ የተዘጋጀ ያገኘዋል። ካርዶቹም በየቤተ መጻሕፍቱ ቅደም ተከተል ተደርድረው በፖስታ ይላኩ ነበር።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፥ ሸክሙ በአባላቱ መካከል ተከፋፈለ። ነገር ግን ሎሚው እንዴት ይከፋፈል የሚለው ቀላል አልነበረም። ማእከሉ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመንግሥትና ከበጎ አድራጊ ድርጅቶች ርዳታ አግኝቷል፤ ዘላቂ ገቢውን ግን በአገልግሎት ዋጋ ላይ አቋቋመ። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያገኘውን መግለጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀመበት ቤተ መጻሕፍት ይከፍላል፤ አዲስ መግለጫ ያስገባው ግን ስለዚያ አይከፍልም። ስሌቱ ፍትሐዊ ነበር፤ ብዙ የተጠቀመ ብዙ ይከፍላልና። ይሁን እንጂ የራሱ ፈተና ነበረበት። መጽሐፉን በመደርደሪያ አቆይቶ ሌላው እስኪመዘግበው የሚጠብቅ ቤተ መጻሕፍት ክፍያ ቢከፍልም ድካሙን ወደ ባልንጀራው ያስተላልፋል። በችኮላ የተመዘገበ ስሕተትም ወደ ሁሉም ይዛመታል። ስለዚህ የገንዘቡ ደንብ የጋራ የአመዘጋገብ ደንብ ባይከተለው ኖሮ ብቻውን በቂ ባልሆነ ነበር። ከጊዜ በኋላም አዲስ መግለጫ ለሚያስገቡ አባላት ከሒሳባቸው የሚታሰብላቸው ዋጋ ተወሰነላቸው።

የኮምፒዩተሩ ቋሚ ወጪ ተጠቃሚው በበዛ ቁጥር ለእያንዳንዱ ስለሚቀል ማእከሉ በኦሃዮ ብቻ ሊወሰን አልቻለም። በኒው ኢንግላንድ፥ በፔንሲልቫንያ፥ በደቡብ ምሥራቅና በደቡብ ምዕራብ ግዛቶች የተቋቋሙ የአካባቢ ማኅበሮች ከማእከሉ ጋር እየተዋዋሉ አገልግሎቱን ለአባሎቻቸው አደረሱ፤ ባለሙያ አሠለጠኑ፥ ሒሳብ ሰበሰቡ። ከዚህም የተነሣ ትልቅ ችግር ተፈጠረ፤ ከኦሃዮ ውጪ ያሉት ይከፍላሉ፥ መግለጫም ያስገባሉ፥ ድምፅ ግን አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1977 የኦሃዮ አባላት ደንባቸውን ለውጠው ከግዛታቸው ውጪ ያሉ አብያተ መጻሕፍት አባል እንዲሆኑ ፈቀዱ። በ1978 የተጠቃሚዎች ምክር ቤት ተቋቋመና ከአስተዳደር ቦርዱ አባላት ስድስቱን የመምረጥ ሥልጣን አገኘ። መሥራቾቹ ብቻቸውን የያዙትን ሥልጣን በፈቃዳቸው መልቀቃቸው ከኮምፒዩተሩ ሥራ የማያንስ ተግባር ነበር። በ1981ም ድርጅቱ የኦሃዮን ስም ከመጠሪያው አውጥቶ፥ በምሕጻር ኦ.ሲ.ኤል.ሲ. እየተባለ ቀጠለ።

ሆኖም ዕድገቱ አዲስ ክርክር አመጣ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1982 በመረጃው ክምችት ላይ የባለቤትነት መብት ለማስመዝገብ ሲያመለክት፥ መግለጫዎቹን የሠሩት አብያተ መጻሕፍት «የእኛ ድካም የማን ንብረት ነው?» ብለው ጠየቁ። በ1984 ደግሞ የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድርጅቱ አገልግሎት በዋጋ የሚሸጥ ነው በማለት ከንብረት ግብር ነጻ ሊሆን አይገባም ሲል ፈረደ፤ በኋላ ነጻ የወጣው በግዛቱ ምክር ቤት በወጣ ሕግ ነው። የባለቤትነቱም ጥያቄ አልሞተም፤ በ2008 የወጣው የመግለጫ አጠቃቀም መመሪያ ከአባላት ብርቱ ተቃውሞ ስለ ገጠመው በ2009 ተነሣ፥ በ2010ም ከአባላት ጋር በተመከረበት ሌላ ሰነድ ተተካ።

በዚህ መካከል የቀድሞው አሠራር ብዙው ተለውጧል። ተፎካካሪ የነበሩት የምዕራብ አብያተ መጻሕፍት መረብና የምርምር አብያተ መጻሕፍት ቡድን በ1999 እና በ2006 ከድርጅቱ ጋር ተዋሐዱ። ከአካባቢ ማኅበሮቹም የደቡብ ምሥራቁና የፔንሲልቫንያው በ2009 አንድ ሆኑ። የካርድ ኅትመቱም ከ1.9 ቢሊዮን በላይ ካርዶች ካወጣ በኋላ በኦክቶበር 2015 ቆመ። የጋራው ካታሎግ ግን ዛሬ ከ500 ሚሊዮን በላይ መግለጫዎችን ይዟል።

የመጀመሪያው ኮምፒዩተር፥ ተርሚናሉና የስልክ መስመሩ ሁሉ አርጅተው ተጥለዋል፤ ቀርቶ የሚሠራው በአባላት መካከል የተደረገው ስምምነት ነው። ለዚህም አብያተ መጻሕፍት የጋራ መሣሪያ ለመግዛት በሚመክሩበት ጊዜ ሦስት ነገሮች ከመሣሪያው ዓይነት አስቀድመው በጽሑፍ ሊሰፍሩ ይገባል፦ ርዳታው ሲያልቅ ወጪው በምን መለኪያ እንደሚከፋፈል፥ የሚከፍልና የሚሠራ ሁሉ በምን መንገድ ድምፅ እንደሚኖረው፥ በጋራ የተሠራውም መዝገብ አባል ሲወጣ የማን እንደሚሆን። ኦሃዮዎች የመጀመሪያውን ከጅምሩ፥ ሁለተኛውን በአሥር ዓመት ውስጥ መለሱ፤ ሦስተኛውን ግን ሳይጽፉት በመቆየታቸው ከአርባ ዓመት በኋላም አከራክሯቸዋል።