ላይኩ ሲበዛ ገዢው የት ይገባል?
የማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያን በመረጃ ስለመምራት

በአሁኑ ወቅት ጫማም ይሁን መኪና፣ የቤት ዕቃም ይሁን የሀበሻ ልብስ በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚያስተዋውቁ ነጋዴዎች ጥቂት አይደሉም። በሥራዬ አጋጣሚ ከእነዚህ ነጋዴዎች ጋር ስነጋገር ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ “ላይኩ ብዙ ነው፤ ገዢው ግን የታለ?” የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ደግሞ ድርጅቶቹ በሚሰጡን ቁጥርና ነጋዴው ራሱ በሚይዘው መዝገብ መካከል ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱን እንዴት ማገናኘት እንደሚቻል በአጭሩ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ቁጥሮቹ ምን ይናገራሉ?

በፌስቡክ የንግድ ገጽ ላይ በብዛት የሚምታቱት “ሪች” እና “ቪው” ናቸው። ሪች ማስታወቂያው ስንት የተለያዩ ሰዎች ዘንድ እንደደረሰ ሲገልጽ፣ ቪው ስንት ጊዜ እንደታየ ይቆጥራል። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ቢያየው ሪቹ 1፣ ቪው ግን 3 ይሆናል። በቴሌግራም ቻናልም ከመልዕክቱ ሥር ከዓይን ምልክቱ አጠገብ ያለው ቁጥር ወደ ሌላ ቦታ ተላልፎ የታየውንም ስለሚጨምር፣ የቻናሉ አባላት ብቻ ያዩት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ድርጅቶቹም ቢሆኑ ይሳሳታሉ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ እንዳደረገው፣ የቪዲዮ አማካይ የመታያ ጊዜን ለሁለት ዓመታት ያህል አጋንኖ ሲያቀርብ ቆይቷል። ምክንያቱም ከሦስት ሴኮንድ በታች ያዩትን ሰዎች ከስሌቱ ያስወጣቸው ነበር። በመሆኑም የሌላውን ቁጥር በራስ ቁጥር ማመሳከር ግድ ይላል።

ሽያጩን ማን ይመዝግብ?

ገዢው በድረ ገጽ ላይ አዝዞ እዚያው በሚከፍልበት አገር ሽያጩ ከየትኛው ማስታወቂያ እንደመጣ ኮምፒውተሩ ብዙውን ጊዜ ይከታተላል። በእኛ አገር ግን አብዛኛው ገዢ ማስታወቂያውን አይቶ ይደውላል፣ ሱቅ ይመጣል፣ በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብር ይከፍላል። ይህን ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ አያየውም። ስለዚህ ድልድዩን መሥራት ያለበት ነጋዴው ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ማስታወቂያ ላይ የተለየ መለያ ቁጥር ወይም የተለየ ስልክ ይጻፍ። የመጣውን ሁሉ “የት አይተውን ነው?” ብሎ መጠየቅም ልማድ ይሁን። ከዚያም የማስታወቂያው ዓይነት፣ የወጣው ገንዘብ፣ የጠየቁ ሰዎች ብዛትና የገዙ ሰዎች ብዛት በደብተር ወይም በኤክሴል ይመዝገቡ።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ማስታወቂያዎች እያንዳንዳቸው 1,000 ብር ወጣባቸው እንበል። አንደኛው 40 ጠያቂ አምጥቶ 5 ሰው ገዛ፤ ሁለተኛው 15 ጠያቂ አምጥቶ 8 ሰው ገዛ። የመጀመሪያው በአንድ ገዢ 200 ብር፣ ሁለተኛው 125 ብር አስወጥቷል ማለት ነው። ከአንድ ዕቃ የሚገኘው ትርፍ 150 ብር ከሆነ፣ ብዙ ጠያቂ ያመጣው ማስታወቂያ እያከሰረ ነው። ላይክ ብቻ የሚቆጥር ሰው ግን ገንዘቡን እዚያው ላይ ሊጨምር ይችላል።

አንድ በአንድ መሞከር

የትኛው ፎቶ ወይም የትኛው ቃል ይሻላል የሚለውን በግምት ከመወሰን መሞከር ይበጃል። የባራክ ኦባማ የምርጫ ዘመቻ ለ2008ቱ የአሜሪካ ምርጫ የድረ ገጹን መግቢያ በ24 ዓይነት አቀራረብ ፈትኖ ነበር። ሠራተኞቹ የወደዱት ቪዲዮውን ነበር። ይሁን እንጂ ያሸነፈው የቤተሰቡ ፎቶግራፍ ሲሆን፣ የተመዝጋቢዎችን መጠን ከጎብኚዎቹ 8.26 በመቶ ወደ 11.6 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ለአነስተኛ ነጋዴ 24 ዓይነት አያስፈልገውም። ሁለት ይበቃዋል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ፎቶውንም ዋጋውንም ሰዓቱንም ከቀየረ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አያውቅም።

የአገራችንን ሁኔታ ማየት

ሥጋ ቤት የዐቢይ ጾምን ሽያጭ ከፋሲካ ማግስት ጋር አነጻጽሮ “ማስታወቂያዬ አልሠራም” ቢል ስህተት ነው። ጾምን ከጾም፣ የደመወዝ ሰሞንን ከደመወዝ ሰሞን ማነጻጸር ያሻል። ሰዓቱም ያሳስታል፤ ገጹ ላይ 19 ሰዓት ተብሎ የሚታየው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። የቦታ መረጃም እንዲሁ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው በነበረበት ጊዜ ብዙዎች ቪፒኤን ይጠቀሙ ስለነበር፣ አዲስ አበባ የተቀመጠ ደንበኛ አውሮፓ ያለ መስሎ ሊቆጠር ይችል ነበር። የዚያን ጊዜ ቁጥር ለማነጻጸሪያ የሚጠቀም ሰው ይህን ያስብበት።

በመጨረሻም፣ የደንበኛ ስልክና ስም አደራ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ለታወቀና ሕጋዊ ለሆነ ዓላማ እንዲሰበሰብ ያዛል። ለዕቃ ማድረሻ የተሰጠን ስልክ ለሌላ ነጋዴ ማሳለፍ ከሕግም ከደንበኛም ያጣላል።

እንግዲህ ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ደብተር፣ አንድ ጥያቄና የአንድ ወር ትዕግሥት በቂ ናቸው። በወሩ መጨረሻ ነጋዴው የትኛውን ማስታወቂያ ማቆም፣ የትኛውን መቀጠል እንዳለበት ደብተሩ ይነግረዋል።