ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፦ ፍጹም ንጉሣዊ ሥልጣን እንዴት መጣ? ምንስ ጥሎብን ሄደ?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ብሂል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ብዙዎቻችን ይህን አባባል ይዘን፣ አገራችን ሦስት ሺህ ዓመት ሙሉ ገደብ በማያውቅ የንጉሥ ሥልጣን ሥር የኖረች አድርገን እንናገራለን። ዘውዱን የሚወድደው ወገን በዚህ ይኮራል፤ ዘውዱን የሚጠላው ወገን ደግሞ የዘመናችንን አምባገነንነት «ከጥንት የወረስነው ጠባይ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሁለቱም ወገኖች ታሪኩን ገልብጠው እንዳነበቡት ያምናል። በኢትዮጵያ ፍጹም ንጉሣዊ ሥልጣን የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ዕድሜውም ከአንድ ሰው የሥራ ዘመን አይበልጥም። ያ ሥልጣን አሮጌዎቹን ገደቦች አንድ በአንድ አፈረሰ፤ በምትካቸው ግን አዲስ ገደብ አልሠራም። ዘውዱ ሲወድቅ ባለቤት ያጣ፣ ልጓም የሌለው ወንበር ቀረ። የደረሰብን ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

(የአገራችን ታሪክ ዘመኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭዎቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. እየተባሉ ተጽፈዋል።)

አሮጌው ገደብ

ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው ሕዝቡም እንዲከተላቸው አዘዙ። ንጉሥ አይከሰስ ከሆነ ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። ገበሬው፣ መነኩሴውና ባላባቱ ተነሣ፤ አመፅ በአመፅ ላይ ተከተለ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ ጦርነት ንጉሡ አሸነፉ፤ ነገር ግን በሺህ የሚቆጠረውን የገዛ ወገናቸውን ሬሳ ካዩ በኋላ የቀድሞው እምነት እንዲመለስ ዐወጁ፤ ዘውዱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ አስረከቡ። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ከፓርላማው ጋር ተዋግቶ አንገቱን የተሰየፈው እ.ኤ.አ. በጥር 1649፣ ማለትም ከዚህ 17 ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። እኛ ዘንድ ንጉሡ በፍርድ ቤት አልተከሰሱም፤ በሕዝብ ተከሰው ግን ተረትተዋል።

ያን ዘመን ንጉሥን የሚያስሩ ገመዶች ቢያንስ ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው ርስት ነው። በሰሜኑ አገር ንጉሡ ጉልት ይሰጣል፣ ይነሣል፤ ገበሬው ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረደለትን ርስት ግን እንዲሁ በፈቃዱ አይነቅልም። ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የራሷ መሬት፣ የራሷ ሹማምንት፣ በሕዝብ ኅሊና ላይም የራሷ ሥልጣን ነበራት። ሦስተኛው ባለ አገሩ መስፍን ነው፤ ጦሩ የእርሱ፣ ግብሩም በእርሱ እጅ ነው። ሦስተኛው ገመድ ከልኩ በላይ ሲጠብቅ ምን እንደሚሆን በ1761 ዓ.ም. ታይቷል፦ ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን አስገደሉ፤ ዘመነ መሳፍንትም ተጀመረ።

ይህን የምንለው ያለፈውን ለማሳመር አይደለም። የመሳፍንቱ ጦር የገበሬውን ጎተራ እየገለበጠ የሚያድር ጦር ነበር። በባርነት ለተሸጠው፣ በኋላም በደቡብ ለገባርነት ለተዳረገው ወገናችን፣ እነዚህ ገደቦች ጥላ አልሆኑለትም። ንጉሡን የሚያስረው ገመድ ሁሉ ድኻውን የሚጠብቅ አጥር አልነበረም። ይሁን እንጂ ገደብ ነበር።

የአውሮፓው ትምህርት

በአውሮፓም ነገሩ ከዚህ እጅግ አይርቅም። ፈረንሳዊው ዣን ቦዳን ሉዓላዊ ሥልጣን የማይከፋፈል ነው የሚለውን ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1576 ባሳተመው መጽሐፉ አቀረበ። ሐሳቡን ሥጋ ያለበሰው ግን የሉዊ 14ኛ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1643–1715) ነው። ንጉሡ በልጅነቱ የመኳንንቱን ዐመፅ አይቶ ስለ ነበር፣ በደመወዝ የሚያድር መደበኛ ጦር አቆመ፤ በየአውራጃው ከማዕከል የሚላኩ ሹማምንትን አጠናከረ፤ እ.ኤ.አ. በ1682 ደግሞ ቤተ መንግሥቱን ቬርሳይ ላይ ተክሎ ታላላቆቹን መኳንንት ከአገራቸው ነቅሎ የግብርና የእልፍኝ ሰው አደረጋቸው።

ይሁንና ፍጹም የተባለው ሥልጣን ፍጹም አልነበረም። ዘውዱ ገንዘብ ሲያጥረው ሹመት ይሸጥ ነበር፤ ሹመት የገዛውን ዳኛ ደግሞ በቀላሉ መሻር አይቻልም። መኳንንቱና ካህናቱ ከዋናው ግብር ነፃ ስለ ነበሩ ሸክሙ በገበሬው ጫንቃ ላይ ወደቀ። የሕዝቡ፣ የካህናቱና የመኳንንቱ እንደራሴዎች የሚገናኙበት ጉባኤም ከ1614 እስከ 1789 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ 175 ዓመት ሙሉ አልተጠራም። ግምጃ ቤቱ ባዶ ሆኖ በመጨረሻ ሲጠራ፣ ከንጉሡ ጋር መደራደር የለመደ ትውልድ አልነበረም። የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። እንግሊዞች ግን እ.ኤ.አ. በ1689 ንጉሡ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር እንዳይጥል፣ በሰላም ጊዜ ጦር እንዳያቆም በሕግ አሰሩት። ዘውዳቸው እስከ ዛሬ ቆሞ የሚታየው ስለ ታሰረ ነው።

ከቴዎድሮስ እስከ ሰገሌ

በእኛ አገር ገመዶቹን ለመበጠስ መጀመሪያ የተነሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ ጭነው፣ መሳፍንቱን ሰብረው፣ ወታደሩን በደመወዝ ለማሳደር አሰቡ። ለደመወዝ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡም ያለው መሬት ላይ ነው፤ ብዙውን መሬት የያዘችው ቤተ ክርስቲያን ናት። መሬቷን በነኩ ጊዜ የሕዝቡን ልብ አጡ። አቡነ ሰላማን አሰሩ፤ አቡኑም መቅደላ ላይ እንደ ታሰሩ ዐረፉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚያችው አምባ ላይ ሽጉጣቸውን ሲጠጡ፣ የእንግሊዝ ጦር ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ እስከዚያ የደረሰው የሚመክተው የአገር ሰው በመጥፋቱ ጭምር ነው። የቴዎድሮስ ራእይ ከመሣሪያቸው ቀድሞ ነበር።

ዐፄ ዮሐንስ ይህን አይተው ሌላ መንገድ መረጡ። በ1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ ምኒልክን የሸዋ ንጉሥ አድርገው አጸደቁ፤ በ1873 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖትን የጎጃም ንጉሥ አሉ። «ንጉሠ ነገሥት» የሚለው ማዕረግ በትክክል የሚተረጎመው እንዲህ ነው፦ ከበታቹ ነገሥታት አሉ። ዐፄ ምኒልክ በጦር መሣሪያ፣ በንግድ ቀረጥ፣ በስልክና በባቡር ማዕከሉን አበረቱ፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ። ሆኖም አሮጌው ገደብ ገና አልሞተም ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው፣ አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ከመሐላው ፈትተው፣ ልጅ ኢያሱን ሻሩ። ክሱ እውነት ነበር ወይስ ሐሰት የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈልገን፣ መሻር የሚችል አካል እንደ ነበር ማወቁ ነው። በወሩ በሰገሌ ጦርነት ነገሩ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ በኢትዮጵያ መሪን በዚህ መንገድ፣ በመኳንንትና በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የሻረ የለም፤ ከዚያ በኋላ የሻረው ታንክ ነው።

ቬርሳይ በአዲስ አበባ

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ የራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ከሰማይ ቦምብ ወረደበት። በአውሮፕላን ላይ የሚዋጋ መስፍን ሊኖር አይችልምና ያ ቀን የመሳፍንቱ ዘመን ማታ ነበር። በሰባተኛው ወር፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ጫኑ፤ ሐምሌ 9 ቀን ደግሞ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ተፈረመ።

ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ ዋናው ምሳሌ እ.ኤ.አ. የ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ሌላው ዓለም ሕገ መንግሥትን የንጉሥ ልጓም አድርጎ ሲጽፍ፣ እኛ ዘንድ ለንጉሡ ያልነበራቸውን ሥልጣን መስጫ ሆነ። ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማያከራክር መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንቀጽ ተደነገገ፤ ዘውዱም ለአንድ ቤት ተወሰነ። መኳንንቱ የግዛት ውርሳቸው እንዲታወቅላቸው ቢፈልጉም አላገኙትም። ያገኙት በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ውስጥ ወንበር ነው፤ ወንበሩም ያለው አዲስ አበባ ነው። ሉዊ 14ኛ በቬርሳይ እልፍኝ ያደረገውን፣ ጃንሆይ በፓርላማ አዳራሽ አደረጉት። በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ከጎጃም ተነሡ፤ የጅማው የአባ ጅፋር ግዛትም ራሱን ችሎ መቆሙ ቀረ።

የጣሊያን አምስት ዓመት የቀረውን የመሳፍንት ኃይል አደቀቀ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ሲመለሱ ሜዳው ተጠርጎ ቆያቸው። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ጀመረ፤ አገረ ገዢው ደመወዝተኛ ሆነ፤ ግብሩ በገንዘብ ተተምኖ ወደ አንድ ግምጃ ቤት ገባ፤ ጦሩ የማዕከሉ ብቻ ሆነ። ቤተ ክርስቲያንም ከእስክንድርያ ተላቅቃ በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ ስታገኝ ሁላችንም የምንኮራበት ነፃነት አገኘች፤ ነገር ግን በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የጳጳሳት ሹመት የንጉሠ ነገሥቱን ፈቃድ እንዲጠብቅ ተደርጎ ነበር። ቴዎድሮስ በሰንሰለት ያልቻሉትን፣ ኃይለ ሥላሴ በአንቀጽ ቻሉት።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ፍርድ ቤቱን፣ ዩኒቨርሲቲውን የሠራውም ይኸው ማዕከል ነው። ሥልጣኑ ያለ ሥራ አልተቀመጠም። ያልሠራው ራሱን የሚጠይቅ አካል ነው።

የተዘጋው በር

በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ከሁለት ዓመት በኋላ ምርጫ ተደረገ፤ የፖለቲካ ፓርቲ ግን አልነበረም። ፓርላማው ንጉሡን መገሠጽ አይችልም፤ የባለ መሬቱን ጥቅም መጠበቅ ግን ይችላል። ጭሰኛውንና ባለ መሬቱን የሚያስማማው ረቂቅ ሕግ እየቀረበ እየተመለሰ፣ ሳይጸድቅ አብዮቱ ደረሰ። የፈረንሳይ ዳኞችና መኳንንት ከአብዮታቸው ዋዜማ የግብር ማሻሻያን እንዳገቱ ማለት ነው።

በሕግ መጠየቅ ያልቻለ በሌላ መንገድ ጠየቀ። ትግራይ በ1935 ዓ.ም. ተነሣ፤ ዐመፁ የተሰበረው ከኤደን በመጡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ነው። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዡ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ሞከሩ። ባሌ ለዓመታት ተዋጋ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ «ርስቴን ሊለኩብኝ ነው» ብሎ ጠመንጃ አነሣ፤ ጦርና አውሮፕላን ቢዘምትበትም፣ በመጨረሻ አገረ ገዢው ተነሡ፤ ለዓመታት የተጠራቀመው ውዝፍ ግብርም ተሠረዘ። የማያከራክረው ሥልጣን በርስት አጥር ላይ ቆመ።

ከሁሉ የከፋው ገደብ ግን ዝምታ ነበር። በጋዜጣ ላይ መቀስ የሚያሳርፍ መንግሥት፣ መጀመሪያ የሚያሳውረው ራሱን ነው። ወሎ በረሃብ ስታልቅ፣ ሙት ቁጥሩን የሚያትም ጋዜጣ፣ ሚኒስትሩን ጠርቶ የሚያፋጥጥ ምክር ቤት አልነበረም። ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ባሳየው ፊልም ነው። ያንኑ ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ወራሹ ማን ነበር?

ፈረንሳዊው ቶክቪል እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አብዮቱ የነገሥታቱን ማዕከላዊ ሥልጣን እንዳላፈረሰው፣ እንደ ወረሰው አስረድቷል። ስለ እኛ የጻፈ ይመስላል። ደርግ በመጀመሪያው አዋጁ ሕገ መንግሥቱን አገደ፣ ፓርላማውን በተነ፣ ሰልፍና የሥራ ማቆም አድማን ከለከለ። ኅዳር 14 ቀን ስድሳውን ሰዎች ያለ ፍርድ ረሸነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ጭሰኛውን ነፃ ያወጣው የመሬት ዐዋጅ ታወጀ፤ ታላቅ ቀን ነበር። ነገር ግን መሬቱ በሕዝብ ስም የመንግሥት ሆነ፤ የጎጃም ገበሬ የቆመበት አጥር በዚያው ቀን ፈረሰ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወረዱ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ርስትም፣ መስፍንም፣ ቤተ ክርስቲያንም ከመንገድ ተነሡ። ሥዩመ እግዚአብሔር የሌለው ፍጹም ሥልጣን፣ እግዚአብሔርን እንኳ የማይፈራ ፍጹም ሥልጣን ሆነ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በወረቀት ላይ ብዙ መብት ጽፏል። ርእሰ ብሔሩ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ከልክሏል፤ ሥልጣኑ ሁሉ የተሰበሰበበትን ጠቅላይ ሚኒስትር ግን በዘመን አልገደበውም። መሬቱም ዛሬም በግል አይሸጥም፣ አይለወጥም። መለስ ዜናዊ ከ1983 እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ ሥልጣን ላይ ቆይተው በሞት ተለዩ። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 ወንበሮች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. 547ቱንም ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ወሰዱ። ከዚህ የሚበልጥ የማያከራክር ሥልጣን ጃንሆይም አልነበራቸውም። በ2010 ዓ.ም. ሰው ተለወጠ፤ ዘመን የማይቆጥረው አንቀጽ ግን አልተለወጠም።

እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና፣ ቡና ቀርቦ ክርክር ሲነሣ የሚደመጠው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ማን ይምጣ?» የሚል። የምንከራከርባት ከተማ ከንቲባ ከሁለት የምርጫ ዘመን በላይ እንደማይመረጥ፣ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ በጀት እንደማያወጣ ግን ልብ አንለውም። በአገር ቤት ያላችሁ ወገኖችም ይህን ጥያቄ ታውቁታላችሁ፤ መልሱን በደም የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ።

ቴዎድሮስም፣ ኃይለ ሥላሴም፣ ከእነርሱ በኋላ የመጡትም አንድ ነገር ይነግሩናል። ደግ ሰው በልጓም አልባ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ ይለውጠዋል፤ ክፉ ሰው ሲቀመጥ ደግሞ የሚያስነሣው አይገኝም። ስለዚህ ከስም ዝርዝር በፊት የሚቀድሙ ጥያቄዎች አሉ። ግምጃ ቤቱን ማን ይቆጣጠራል? ዳኛውን ማን ይሽራል? ገበሬው በመሬቱ ላይ ምን መብት አለው? ጋዜጠኛው የጻፈውን ማን ያነሣበታል? የሥልጣኑ ዘመን በየትኛው ቀን ያበቃል? ለእነዚህ መልስ ያላዘጋጀ ተቃዋሚ፣ ቀኑ ሲደርስ የሚረከበው ያንኑ ወንበር ነው።

ሰማይ አይታረስም፤ እውነት ነው። ንጉሥ አይከሰስ የሚለው ግን የሰው ቃል ነው፤ ሰው የተናገረውን ሰው ይሽረዋል። ልብ ያለው ልብ ይበል።

ቸር ወሬ ያሰማን!