ኩረጃ በኦክ ሪጅ

የኑክሌር ተቋማትን ከሌባና ከአጥፊ መጠበቅ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ በትምህርት መልክ መሰጠት የጀመረው በ1970ዎቹ ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የጥበቃ ምክረ ሐሳቦቹን በ1975 አወጣ። አሜሪካ በበኩሏ ሪአክተርና ነዳጅ ለውጭ አገሮች ስለምትሸጥ፣ ገዢዎቹ እንዴት እንደሚጠብቁት ያሳስባት ነበር። ፕሬዚዳንት ካርተር በማርች 1978 የፈረሙት ሕግ የኢነርጂ ሚኒስቴሩ የሌሎች አገሮችን ባለሙያዎች በጥበቃ ሙያ እንዲያሠለጥን አዘዘ። ሥራው ኒው ሜክሲኮ አልበከርኪ ለሚገኘው ለሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተሰጠና የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ኮርስ በዚያው ዓመት ተካሄደ።

የትምህርቱ ልብ የጊዜ ስሌት ነው። አጥር ሰርጎ ገቡን ለሰከንዶች ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያስቆመውም። ስለዚህ ሠልጣኙ የሚጠየቀው መግባቱ መቼ ታወቀ፣ ከዚያ በኋላ የቀሩት በሮችና ግድግዳዎች ስንት ደቂቃ ያቆዩታል፣ ጠባቂውስ በስንት ደቂቃ ይደርሳል ተብሎ ነው። ለምሳሌ ደወሉ ከጮኸ በኋላ ሰርጎ ገቡ አምስት ደቂቃ ብቻ ቀርቶት ጠባቂው በስምንተኛው ደቂቃ ከደረሰ፣ ግንቡ የቱንም ያህል ቢወፍር ጥበቃው ከሽፏል። ስሌቱ ቀላልና የሚያሳምን ነው። በወረቀት ላይ የማይታየው ጠባቂው በእርግጥ ይመጣል ወይ የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ያለው መንገድ የውሸት ጥቃት ማካሄድ ነው።

ቴነሲ ውስጥ ኦክ ሪጅ የሚገኘው ዋይ-12 እንዲህ ያለ ሙከራ ከሚደረግባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ለሂሮሺማው ቦምብ የዋለው ዩራኒየም እዚያ በልጽጓል። በሙከራው ላይ ጥይት በሌዘር ጨረር ይተካል፤ ተሳታፊዎቹ የጨረር መቀበያ ያጠልቃሉ፣ የተመታ እንደሞተ ይቆጠራል። በጁን 2003 በተደረገው ሙከራ ከአራቱ የጥቃት ዕቅዶች በሁለቱ ጠባቂዎቹ ክፉኛ እንደሚሸነፉ ኮምፒውተሩ ተንብዮ ነበር። ውጤቱ ግን አመርቂ ሆነ፤ ነገሩን አጠራጣሪ ያደረገውም ይኸው ነው። የሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር በጃንዋሪ 2004 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ሁለት ተሳታፊዎች የኮምፒውተሩን ትንበያ ቀደም ብለው እንዲያዩ ተደርጓል።

ሪፖርቱ በዚህ አላበቃም። መርማሪዎቹ ያነጋገሯቸው ሰዎች ልማዱን እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ኋላ ወስደውታል። እንደ እነሱ አባባል አንዳንዱ የመቀበያውን ባትሪ ያወጣል ወይም ገልብጦ ያስገባል፤ ሌላው መቀበያውን በፕላስተር፣ በጭቃ ወይም በቫዝሊን ይሸፍናል። ይህ የምስክሮች ቃል እንጂ የተያዘ ማስረጃ አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ሆኖም የቫዝሊኗን ነገር ከሜዳ ያልመጣ ሰው ያስባታል ብዬ አላምንም።

ጁላይ 28 ቀን 2012 ጎህ ሳይቀድ፣ የ82 ዓመቷ መነኩሲት ሜገን ራይስና ሁለት የሰላም ታጋይ ጓደኞቻቸው የዋይ-12ን አጥሮች ቆርጠው፣ 549 ሚሊዮን ዶላር ከፈጀው የበለጸገ ዩራኒየም መጋዘን ግድግዳ ደረሱ። ደም ረጩ፣ መፈክር ሰቀሉ፣ ግድግዳውን በመዶሻ መቱ። ደወሉ ጮኾ ነበር፤ ነገር ግን ያለ ምክንያት መጮኹ የዘወትር ነበር። አካባቢውን ማሳየት የነበረበት ካሜራ ከተበላሸ ወራት አልፈውታል። ውስጥ የነበሩት ጠባቂዎች የመዶሻውን ድምፅ ሰምተዋል፤ የጥገና ሠራተኞች ናቸው ብለው ዝም አሉ።

ከወረራው በኋላ ተቆጣጣሪዎች ጠባቂዎቹን በጽሑፍ ሊፈትኑ መጡ። ፈተናው ሳይሰጥ ግን አንድ ተቆጣጣሪ የጥያቄዎቹን ቅጂ ከነመልሱ በጥበቃ መኪና ውስጥ አገኘው። ፈተና ወጣ ማለት ምን እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ጥያቄዎቹ ከቦታው ሁኔታ ጋር መጣጣማቸው እንዲታይ ለኮንትራክተሮቹ ተልከው ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈው ነበር። ኃላፊዎቹ የማጭበርበር ሐሳብ አልነበረንም አሉ፤ ዋና ኢንስፔክተሩ በኦክቶበር ሪፖርቱ ቃላቸውን ለማመን ተቸግሯል።

የ2003ቱን ሙከራ ለ2012ቱ ወረራ መነሻ ማድረግ ይቀላል፤ ሰነዶቹ ግን ያን አይሉም። የሚሉት ይህን ያህል ነው፦ በዘጠኝ ዓመት ልዩነት፣ በአንድ ግቢ፣ የጠባቂዎችን ብቃት ለመለካት የተዘጋጀው ነገር ሁለት ጊዜ አስቀድሞ በተለኪዎቹ እጅ ገብቷል። በመጀመሪያው የታወቀው ውጤቱ ከልክ በላይ በማማሩ፣ በሁለተኛው አንድ ሰው መኪና ውስጥ በማየቱ ነው።

የጠባቂዎቹ ድርጅት ውል በ2012 መገባደጃ ተቋረጠ። መነኩሲቷ በፌብሩዋሪ 2014 የ35 ወር እስር ተፈረደባቸው፤ በሜይ 2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሳቦታጅ የተላለፈባቸውን የጥፋተኝነት ውሳኔ ሻረውና ሦስቱም ተፈቱ።